ለአባቴ የመረጥኳት ዘንግ

አባቴ እኔ ቤት ከገባ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ነገር ግዥልኝ ብሎኝ አያውቅም። የእናቴ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ ነው ዕቃውን በአንድ ሻንጣና በአንድ ማዳበሪያ ጠቅልሎ ከጎርጎራ ወደ እኔ የመጣው። ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ ያለችው የኪራይ ቤቴ ደግሞ እንኳን ሐይቅ የቧንቧ ውሃም በወጉ አያገኛት። ጠዋት ተነስቶ በረንዳው ላይ ወንበሩን ያወጣል፤ ከአስፋልቱ የሚመጣውን የማኪና ድምፅ ይሰማል፤ "ይችስ ናፍጣዋ ውሃ ገብቶበታል" ይላል ለራሱ። ከዚያ እስከ ምሳ ዝም ነው። እኔ ከውስጥ ሆኜ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የስፌት ማኪናዬ እየጮኸችም የእሱ ዝምታ ይሰማኝ ነበር።

ጎርጎራ ሄዶ ጥቂት ቀን ተቀምጦ እንዲመለስ ጠይቄው ነበር። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። "ሄጀ እዚያው ብቀርስ?" አለኝ። መቅረትን ፈርቶ ይሁን ተመኝቶ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁትምም።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ቁርሱን ሳቀርብለት፣ "አንገረብ ግድብ ዳር ሰዎች ዓሣ ያጠምዳሉ አሉ" አለኝ።

"አዎ፣ ያጠምዳሉ።"

ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። ብርጭቆውን አስቀመጠና እጁን በጉልበቱ ላይ ጠረገ። "እንግዲያ አንዲት የመንጠቆ ዘንግ ፈልጊልኝ። ሸጋ ትሁን እንጅ ውድ አትሁን። ለቀረሶ የምትሆን።"

ቀረሶ የጣና ዳር ሰው ከዓሣ ሁሉ አስበልጦ የሚወዳት ናት፤ ጠፍጣፋ፣ ሙሉዋን መጥበሻ ላይ የምትቀመጥ። ስለ ቀረሶ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስምንት ዓመቴ እያለ ከጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ አስቀምጦኝ፣ "አምባዛ ሲበላ ክንድ ይነቅላል፤ የተኛ ሰውም ያውቀዋል። ቀረሶ ግን ትቀምሳለች እንጅ አትጎትትም። ስትቀምስ እጅሽ ካልሰማ ትሉን በልታ ሄዳለች" ይለኝ ነበር። ያስተማረኝ ታናሽ ወንድሜ ትል መንካት ስለሚጠየፍ ነው እንጂ እኔን መርጦ አልነበረም። ቢሆንም ሰማሁ፤ እጄም ሰማ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የእናቴ ዘመዶች፣ የካህናት ወገን ናቸው፣ ለበዓል መጥተው ከውሃው ዳር አዩኝ። "ልጅቱን ምነው ወንድ አደረጋችኋት?" አሉ። አባቴ ዘንጉን ከእጄ ወስዶ ለወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ ሁለት ቀን ያዘው። ከዚያ ዘንጉ ከጣሪያው ሥር ተሰክቶ ደረቀ።

ስለዚህ አባቴ ዘንግ ፈልጊልኝ ሲለኝ ልቤ ውስጥ የሆነው ነገር ደስታ ብቻ አልነበረም። ግን ደስታም ነበረበት።

መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ቀርከሃ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ርካሽ። አንዱን አንስቼ ክንዴን ዘርግቼ ያዝኩት። ደረቅ ሆኖ ቀላል ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን እንደሚከብድ አውቃለሁ። አባቴ ቀኝ ትከሻው ሞተር ሲያነሳ የተጎዳ ነው፤ ጣቶቹም ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። ቀርከሃውን መልሼ አስቀመጥኩት።

በቀጣዩ ሳምንት አራዳ አካባቢ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በቀለም ብሩሽና በሲባጎ መሃል የተንጠለጠለች ዘንግ አየሁ። እንደ ድሮ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበች የምትረዝም ናት። ዋጋዋ ሲነገረኝ በጣም ስለረከሰች ደነገጥኩ። ዘረጋኋትና በአንድ ዓይኔ ከእጀታዋ እስከ ጫፏ አየሁ፤ መሃሏ ላይ ጎበጥ ብላለች። ከቦርሳዬ የሳቴን ጨርቅ ቁራጭ አውጥቼ ክሩ በሚያልፍባቸው ቀለበቶች ውስጥ አንድ በአንድ ሳብኩት። ሁለተኛውና አራተኛው ቀለበት ላይ ጨርቁ ተያዘ። ጨርቅ የሚይዝ ቀለበት ክርም ይበላል። ሻጩ የማደርገውን አይቶ ሳቀ።

"እህቴ፣ ቀሚስ ልትሰፊባት ነው?"

"አይደለም" አልኩትና ወጣሁ።

በመጨረሻ ፒያሳ ኳስና የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ወፍራም፣ ፂሙን የተላጨ፣ ትሁት ሰው ነበር። ሁለት ዘንግ አወጣልኝ። አንዷ ቀጭን ጥቁር፣ እጀታዋ በቡሽ የተሸፈነ። ሁለተኛው ረጅም፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ።

"ለባለቤትሽ ነው?"

ባል የለኝም፤ ነበረኝ። "ለአባቴ ነው" አልኩት።

"እንግዲያ ትልቁን ውሰጂለት። አባት አንድ ነው።"

ትልቁን በቀኝ እጄ ይዤ ክንዴን ዘረጋሁና መቁጠር ጀመርኩ። ሃምሳ ላይ ትከሻዬ ተቃጠለ። ቀጭኗን ይዤ መቶ ሃያ ደረስኩ። ከዚያ አባቴ ያሳየኝን አደረግሁ። የቤቴን ቁልፎች በክር አስሬ ከቀጭኗ ጫፍ አንጠለጠልኩ። ጫፏ ብቻ ጎነበሰች፤ ወገቧ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ለቀረሶ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ጫፉ ለስላሳ፣ ወገቡ ጠንካራ።

"ዓይኔን እጨፍናለሁ" አልኩት ባለሱቁን። "አንተ ክሯን በጥፍርህ ንካት። መቼ እንደምትነካት አትንገረኝ።"

ጨፈንኩ። ትንሽ ቆይቶ ከመዳፌ ሥር እንደ ትንኝ የምትሆን ንክኪ መጣች።

"አሁን!" አልኩ።

"ውይ! ገና መንካቴ ነው እኮ" አለ ባለሱቁ።

በትልቁም ሞከርነው። ሦስት ጊዜ ነክቶ አንዱን ብቻ ሰማሁ። ሳቴኔንም በቀጭኗ ቀለበቶች ሁሉ አሳለፍኩ፤ አንድም አልያዘኝም። ትንሽ ክር መጠቅለያ፣ ቀጭን ናይለን፣ የጥፍር ያህል መንጠቆዎችና ሁለት የቡሽ ተንሳፋፊ ጨምሬ ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ዩኒፎርም ሰፍቼ የማገኘውን ያህል ነበር። ርካሽም አልነበረች፣ ውድም አይደለችም። ከሱቁ ስወጣ ለብዙ ጊዜ ያልተሰማኝ ነገር ተሰማኝ፤ አንድ ነገር በትክክል መሥራቴ።

አባቴ በረንዳው ላይ ዘረጋት። አወዛወዛት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ንኪያት" አለኝ። ክሯን በጥፍሬ ነካሁ።

"ሰማሁ" አለ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ፣ "ቀጠን አላለችም?" አለ።

"ሸጋ ናት" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አጣጥፎ ከበሩ ኋላ አቆማት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ግድብ እንሄዳለን። ከፀዳ እስከ ፒያሳ ታክሲ፣ ከፒያሳ ባጃጅ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን እጁን ይዤ በእግር። ውሃው ዳር ሦስት አራት ሽማግሌዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ ከግድቡ በላይ ያለውን ዳገት የሚያርስ ገበሬ ነው፤ አያ እለዋለሁ፣ ስሙን ጠይቄው አላውቅም። አባቴ ከእነሱ ጋር ይቀመጣል። እኔ ራቅ ብዬ ከባሕር ዛፍ ሥር የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ በእጄ እሰፋለሁ። አልፎ አልፎ ቀና ስል ዘንጓ ስትጎብጥ፣ ቀረሶዋ በአየር ላይ ስታብረቀርቅ አያለሁ። ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ይዞ ይመለሳል። ማታ ስጠብሰው ያወራል። ስለ ሞተር፣ ስለ ማዕበል፣ ስለ እናቴ። እናቴ ዓሣ እየበላች አጥንት ሲይዛት ስለምትሰድበው ስድብ። አምስት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። የነቢያት ጾም ሲገባ አቆምን፤ አባቴ በጾም ዓሣ አይበላም፣ የማይበላውን ደግሞ አያጠምድም።

ወንድሜ ለጥምቀት መጣ። ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል፤ አዲስ አበባ ደህና ሥራ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለውን የሰማ ሰው ክፉ እንዳያደርገው ነው። ለበዓል የበግ መግዣ ይልካል፤ ሰው ሲታመም ይደውላል፤ ከአባቴ ጋር አምስት ደቂቃ ካወራ በኋላ ግን የሚለው ያልቅበታል። አባቴ ዓሣ ማጥመድ እንደጀመረ በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። በትከሻው ረጅም ጥቁር ቦርሳ አንግቶ ገባ።

"ከሱቁ ውስጥ ውዱን ስጡኝ ነው ያልኳቸው" አለ ዚፑን እየከፈተ።

ለባሕር የተሠራ ዘንግ ነበር። እጀታው የእጄን አንጓ ያህላል፤ ክር መጠቅለያው ጡጫ ያክላል፤ በላዩ የተጠቀለለው ክር በግ ይጎትታል። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። አባቴ ማንም ሲገባ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው አልነበረም፣ ጉልበቱ ያመዋል።

"አቤት! አቤት! ይህ ነው ዘንግ ማለት! ሸጋ! ሸጋ!"

ጎረቤት ተጠራ። ወንድሜ ፎቶ አነሳው፤ አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን እንደ ጦር ይዞ። ከዚያ ወንድሜ ከበሩ ኋላ ያለችውን ቀጭኗን አያት።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? የልጆች መጫወቻ ናት?"

አባቴ ሳቀ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ስለ ዓይኔ ማንም አልጠየቀኝም።

ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ሄደ። ቅዳሜ አባቴ ጥቁሩን ቦርሳ አንግቶ ከታክሲ ወደ ባጃጅ ተሸከመው። ግድቡ ዳር ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነካኩት፣ አመሰገኑት። አባቴ ወረወረ፤ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ውሃውን ሲመታ ድንጋይ የወደቀ ይመስል ነበር። እስከ ቀትር ቆመ። ቀረሶዎቹ ከሥር እየቀመሱ እንደሆነ እኔ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆኜ አውቃለሁ፤ መንጠቆው በየጊዜው ባዶ ሆኖ ይወጣል። እሱ ግን አይሰማውም። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

"ዓሣው ወደ ጥልቁ ወርዷል" አለኝ ባጃጅ ውስጥ።

"አባየ፣ ያችኛዋን ይዘህ ብትመጣስ?"

"ይህስ ምን ሆነ?"

ማታ ትከሻውን ቅባት ቀባሁት። ፍራሹ ጎርብጦት እንደሆነ ነገረኝ። እሽ አልኩት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ግድቡ ላይ ትቼው ክር ልገዛ አራዳ ሄድኩ፤ ከቀትር በኋላ ተመልሼ ወሰድኩት። በዚያው ሳምንት ቤት ስጠርግ ከበሩ ኋላ ቀጭኗ እንደሌለች አየሁ። አልጋ ሥር አስገብቷት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከሁዳዴ ቅበላ በፊት የመጨረሻው ነበር። ቁልቁለቱን ወርደን አባቴን ቦታው አድርሼ ወደ ዛፌ ስሄድ፣ ያ ገበሬ ዘንጌን ይዞ ተቀምጧል። ቡሹን አወቅሁት። ቆሜ ሳለሁ አንዲት ቀረሶ አወጣ፤ መንጠቆውን ነቅሎ፣ ትል ሰክቶ ወረወረ፤ ገና ሳይቀመጥ ሁለተኛ አወጣ።

"ዘንግ ማለት ይች ናት፣ ልጄ!" አለኝ ፊቱ በርቶ። "ስትቀምስ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።" ክርኑን ነካ። "ወንድምሽን እግዜር ይስጠው።"

"ወንድሜን?"

"ሁለቱንም የላከው እሱ አይደል? አባትሽ ነገረን እኮ። ትልቁን እኔ ይዣለሁ፣ ትንሿን አንተ ውሰድ ብሎ ባለፈው ቅዳሜ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። ያ ልጅ መምረጥ ያውቃል። እንዲህ ያለች ዘንግ ውሃ የማያውቅ ሰው አይመርጣትም።"

አባቴ ከእኛ አሥር እርምጃ ርቆ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሰምቷል። መስማቱን ያወቅሁት ዞር ስላላለ ነው።

ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ያን ቀን የሰፋሁት የቁልፍ ቀዳዳ ሁሉ ጠማማ ነበርና ቤት ስገባ ፈታሁት።

ፀዳ ወርደን የኮረት መንገዱን ይዘን ስንሄድ ነው የጠየቅሁት።

"አባየ፣ ቀጭኗን ዘንግ ማን ገዛት?"

ጥቂት ሄደና ቆመ። ጥቁሩ ቦርሳ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ጎትቶታል። ልቀበለው እጄን አልዘረጋሁም።

"አንች ነሽ የገዛሻት" አለ።

"ምነው ታዲያ?"

"ምን ልበላቸው? እነሱ ቀኑን ሙሉ ስለ ልጆቻቸው ነው የሚያወሩ። ያንዱ ልጅ ቤት ሠራለት፣ ያንዱ ልጅ በሬ ገዛለት። እኔ የሴት ልጄን እንጀራ ነው የምበላ፣ ዘንግም የገዛችልኝ እሷ ናት ልበላቸው?"

"እውነቱ እሱ ከሆነ ምን አለበት?"

"አንችማ አለሽ" አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚያስረዳኝ ነው የሚመስለው። "ሰው ሁሉ ያይሻል። እጀን ይዘሽ ከባጃጅ ስታወርጅኝ ያዩሻል። እሱን ግን ማን ያየዋል? በወሬ ካላኖርነው በምን ይኖራል?"

ሌላ ሰው ለሌላ ልጅ ሲናገረው ብሰማ እውነት ነው እል ነበር። ለእኔ ሲሆን ግን የተረፈኝን ሁሉ የወሰደብኝ መሰለኝ። መኖሬ ራሱ ላለመቆጠሬ ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

"ዘንጓንስ ለምን ሰጠኸው?"

"ሁለት ይዤ ምን አደርጋለሁ?" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ሁዳዴ ገባ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ስለ ዓሣ አልተነሳም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ፣ ትከሻውን እቀባለሁ። ምንም አላጎደልኩም፤ ከምሠራው ሥራ ውስጥ ግን አንድ ነገር አውጥቻለሁ፣ እሱም ያውቃል። ፋሲካ ውሎ ባደረው ሳምንት ትልቁን ዘንግ በጨርቅ ሲወለውል አየሁት።

"ቅዳሜ እንሄዳለን?" አለኝ።

"የሰርግ ስፌት ይዣለሁ።"

እውነት ነበር። ግን ሌላ ጊዜ ቢሆን የማልቀበለውን ሥራ ሁሉ የተቀበልኩት ቅዳሜዬ እንዲሞላ ነው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ጠየቀኝ፣ የሚዜ ቀሚስ አለብኝ አልኩት። ብቻውን መሄድ አይችልም፤ ታክሲው፣ ባጃጁና ያ ቁልቁለት አለ። አራት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው አልጠየቀም። ጠዋት ጃኬቱንና የላስቲክ ቦቲውን አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የስፌት ማኪናዬን ሳላቆም በመስኮቱ አየዋለሁ። ረፋዱ ላይ ቦቲውን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ አወለቀ።

ይበለው አልኩ በልቤ። ይህንን ቃል ብዙ ጊዜ ለመርሳት ሞክሬያለሁ።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆው ከቀኝ እጁ ወደቀ። አንስቼ ሌላ ቀዳሁለት፤ እሱም ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳደርሰው ግማሽ ጎኑ ሄዷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ስመልሰው በአፉ አንድ ጎን፣ እየቆየ ይናገራል፤ ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ የተቀመጠ የሌላ ሰው እጅ ነው።

ወንድሜ መጣ። የመድኃኒቱን ሁሉ ከፈለ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ የእውነት ለቅሶ ነው። በሚሄድበት ቀን ከጓዳ ጥቁሩን ቦርሳ ይዞ ወጣ።

"ይሄ እዚህ ከሚበላሽ ልውሰደው። አለቃዬ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል።"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አባየን ጠይቀው።"

ጠየቀው። አባቴ ቦርሳውን አየ፣ ልጁን አየ። "ውሰደው" አለ። ወንድሜ ግንባሩን ስሞት ሲወጣ፣ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ማታ አልመለሰውም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ያ ገበሬ ሊጠይቀው መጣ። ቤቱን ከታክሲ ተራው ጀምሮ እየጠየቀ ነው ያገኘው። በፌስታል አራት ቀረሶ ይዟል፤ እግሩ ላይ የዳገቱ ጭቃ አለ። አባቴ ሲያየው በደህናው ጎኑ ፈገግ አለ። ከታመመ ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ስለ ጤፉ ተጨዋወቱ፣ ስለ ሌሎቹ ሽማግሌዎች፤ አንዱ ሞቷል።

"ዘንጓስ?" አለ አባቴ፣ ቃሉ እየተጎተተ።

"አለች! በደህና አለች። ትላንት ብቻ ስድስት አወጣሁባት። ያን ልጅህን እግዜር ይባርክልህ፤ ዕድሜ ይስጥልህ።"

አባቴ እኔን አየኝ። የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ መሃላቸው ቆሜያለሁ። አየኝ፣ አይቶኝም፣ "አሜን" አለ።

"እኔ ነኝ የመረጥኳት፣ አያ" አልኩ።

"ምኗን?"

"ዘንጓን። ፒያሳ ሄጄ፣ አማርጬ፣ ክሯን አስነክቼ በእጄ ሞክሬ የገዛኋት እኔ ነኝ። ወንድሜ አያውቃትም።"

ሰውየው እኔን አየ፤ ከዚያ አባቴን። አባቴ በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ፈልጎ እስከ ዓይኑ ሳበው።

"እንዲያ ነው እንዴ" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። ከዚያም፣ "እንግዲያ እመልስልሻለሁ" አለኝ።

"አይ አያ። ያንተ ናት።"

"ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ወጣ" አለ። ዝናቡ ቶሎ አልወጣም ነበር። ምሳ ሳይበላ ተነሳ፤ መንገዱ ሩቅ ነው አለ።

ያችን ቃል ወር ከወር ተሸክሜያት ነበር። ስናገራት ቅልል ይለኛል ብዬ አስብ ነበር። ዓሣውን ጠበስኩ፤ አጥንቱን ለቅሜ በጣቴ ላጎርሰው ስል አባቴ አፉን አልከፈተም። እኔም አልበላሁም። ጎረቤት ሰጠሁት።

ሰውየው በጥቅምት አንድ ጊዜ መጣ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ዓይኔን ሳያይ ውሃ ጠጣ፣ ቶሎ ሄደ። በኅዳርም በታኅሣሥም አልመጣም። አባቴን ከእኔ ሌላ የሚጠይቀው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ትራሱን ሳስተካክልለት፣ "ያ ሰውየ ምነው ቀረ?" አለኝ።

"አዝመራ ይዞት ይሆናል" አልኩት።

"አዝመራውማ ገብቷል" አለ።

ትራሱን መታ መታ አድርጌ ከጀርባው አደረግሁለትና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።